ሀሮ ዲማ የቀሩት ሠላሳ ሁለት ፓኔሎች

ከሚሴ ውስጥ የናፍጣ ሞተር የነበረው ሰው ሁሉ ኸይረዲንን ያውቀዋል። ወፍጮ ቤት ሞተሩ አልነሳ ሲል፣ ቦርከና ዳር ሽንኩርት የሚያጠጣ ገበሬ ፓምፑ ሲያስነጥስበት፣ ባጃጅ ይላክና ኸይረዲን ይመጣል። ሲደርስ ቶሎ መፍቻ አያወጣም። ረጅሙን ካቻቪቴ ያወጣና ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አሳርፎ ዓይኑን ይጨፍናል። ዙሪያውን የቆመው ሰው ዝም ይላል። ትንሽ ቆይቶ «ሁለተኛው ቫልቭ ነው» ይላል። ሲፈታም ሁለተኛው ቫልቭ ሆኖ ይገኛል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖረ። ሚስቱ ዘይና «ይሄ ሰውዬ እኔንም የሚሰማኝ ካቻቪቴ ሲያስጠጋብኝ ብቻ ነው» እያለች ጎረቤቱን ታስቅ ነበር።

ኋላ ናፍጣ ጠፋ። ሲመጣም ሰልፉ ከማደያው አልፎ አስፋልቱን ይዞ ይሄድ ጀመር። ገበሬው አንድ በአንድ ወደ ሶላር ዞረ፤ ወፍጮ ቤቶቹም ተከተሉ። አሮጌ ሞተሮች በኪሎ ለቁራሌው ተሸጡ። ኸይረዲን በሃምሳ አራት ዓመቱ ደጁ ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን የሚያይ ሰው ሆነ። ከሥራ ማጣቱ ይበልጥ የከበደው ዝምታው ነበር። ወንዙ ዳር ጠዋት ጠዋት ይሰማ የነበረው ዱክ ዱክ ጠፍቷል። ውሃው ግን ይፈሳል። ማንም ሳያስነሳው፣ ጭስ ሳይወጣው፣ ፀሐይ ስትወጣ ይነሳል፣ ስትገባ ይተኛል። ይህ ነገር ኸይረዲንን ደስ አይለውም ነበር።

ከሥራ ማጣቱ ያወጣችው ሩመይሳ ናት። ሩመይሳ የአንድ ወፍጮ ቤት ባለቤት ልጅ ስትሆን፣ ተምራ የውሃ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ሆናለች። ልጅ ሳለች ኸይረዲን የአባቷን ሞተር ሲያዳምጥ አጠገቡ ቆማ ታይ ነበር። አንድ ቀን ቤቱ ድረስ መጣች።

«አያ ኸይረዲን፣ የሶላር ሥልጠና ተከፍቷል፤ አርባ ቀን ነው። ስምዎን ጽፌዋለሁ።»

«እኔ የማውቀው በጆሮዬ ነው ልጄ። ሶላር ምን ድምፅ አለው?»

«ድምፅ የለውም። ቁጥር አለው፤ በዓይን ነው የሚታወቅ። አስተምርዎታለሁ።»

ከልጆቹ እኩዮች ጋር ወንበር ላይ ተቀምጦ አርባ ቀን ተማረ። ፓኔል እንዴት እንደሚደረደር፣ ኬብል በምን በኩል እንደሚያያዝ፣ ኮንትሮለሩ ላይ ያለው ቁጥር ምን እንደሚል አወቀ። ፓኔል ሲጸዳ በረጅም እጀታ ብሩሽ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ስንዝር በስንዝር ቀጥ ተደርጎ እንጂ በክብ እንዳይታሽ ተነገረው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሚሴ፣ ጨፋ፣ ሰንበቴ እያለ የጤና ኬላ ጣሪያ ላይ ሲወጣና የመንደር ፓምፕ ሲተክል ከረመ። ካቻቪቴው ግን ከሳጥኑ አልወጣም። ምን ይሰማበታል?

የሀሮ ዲማ ሥራ የመጣው በሦስተኛው ዓመት ነው።

ሀሮ ዲማ ከሰንበቴ ወደ አፋር በሚያወርደው ቆላ ውስጥ ያለች የአርባ አባወራ መንደር ነበረች። ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ሠላሳ ሁለት ፓኔል ተተክሎ፣ ሮቶና ቦኖ ተሠርቶላት ነበር። ከአሥራ አራት ወር በፊት በረመዷን፣ አንድ ቀን ከአስር ሶላት በኋላ መሬት ተንቀጠቀጠና ከጉድጓዱ ሠላሳ እርምጃ ርቆ ተሰነጠቀ። ስንጥቁ ሁለት ቤትና የፓምፑን ጥበቃ ጎጆ ወሰደ። የቤቶቹ ሰዎች ገበያ ስለነበሩ ተረፉ። ጥበቃው ሙሳ ግን ጎጆው ውስጥ ነበር። አስከሬኑ አልተገኘም። መንደሩ በሁለት ቀን ውስጥ ተነቅሎ ወደ ላይ፣ ወደ መኪና መንገዱ ሸሸ። እዚያ አሁን አዲስ ጉድጓድ ተቆፍሮላቸዋል፤ የጎደለው ፓኔልና ፓምፕ ነው። ኸይረዲን ከሀሮ ዲማ ነቅሎ ወደ አዲሱ ሰፈር እንዲያመጣ ታዘዘ።

ከመውጣቱ በፊት ሩመይሳ ቢሮዋ አስገባችውና ስልኳን አሳየችው። የየመንደሩ ኮንትሮለር ሲም ካርድ አለው፤ በየቀኑ ምን ያህል ውሃ እንደሳበ ይልካል።

«ይሄ ሀሮ ዲማ ነው። ዛሬም ይሠራል።»

«ያጠፋው ሰው ስለሌለ ነዋ። ፀሐይ እስካለች ይሠራል።»

«እሱስ ገባኝ። ግን ይዩት፤ እዚያ አገር አቧራው በሦስት ወር ፓኔሉን ያለብሰዋል፤ ምርቱ ሲሶ ይጎድላል። ይሄ አልጎደለም፤ በአሥራ አራት ወር ምንም አልጎደለም።» ስልኩን ዘጋችው። «ቁጥሩን የሚልከው ማሽን ተበላሽቶ ይሆናል። እስቲ ሄደው ይዩት።»

ማክሰኞ ጠዋት በኢሱዙ ወረዱ። ሾፌሩ ነጂብ ይባላል፤ የሰንበቴ ልጅ ነው፤ ሳቂታ፣ ወሬ የማያልቅበት ሰው። አስፋልቱን ለቀው ኮረኮንቹን እስኪጨርሱ ድረስ ሲያወራ ቆይቶ፣ የመንደሩ የመጀመሪያ ቤት ሲታይ ዝም አለ። ኸይረዲን ልብ ያለው ቆይቶ ነው።

ሦስት ሰዓት ገደማ ነበር። ፀሐዩ ገና በጠዋቱ ነጭ ሆኗል። ቤቶቹ በራቸው እንደተከፈተ ነው። በአንዱ ደጅ ላይ ሙቀጫ ተገልብጦ ይታያል። ፍየል የለም፣ ወፍ የለም፣ ንፋስም የለም። ሞተሩን ሲያጠፉት ኸይረዲን ጆሮው የተደፈነ መሰለው።

አንድ ድምፅ ብቻ ነበር፤ የውሃ። ከሮቶው የሚወጣው ቧንቧ ከቦኖው ተነቅሎ ወደ ሌላ አቅጣጫ ተዘርግቷል፤ ጫፉ ስንጥቁ አፍ ላይ ያርፋል። ውሃው የክንድ ውፍረት ሆኖ ወደ ስንጥቁ ይወርዳል። ኸይረዲን ጠጋ ብሎ ቆመ። ውሃው ከቧንቧው ሲወጣ ይሰማል፤ አየሩን ሲቀድ ይሰማል። ሲያርፍ አይሰማም። እሱ በጆሮው የኖረ ሰው ነው፤ ውሃ የትም ቢወድቅ ማረፊያ እንዳለው ያውቃል። ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ። ማረፊያ አልሰማም።

«አያ ኸይረዲን፣ ና ወዲህ!» አለ ነጂብ ከፓኔሎቹ ዘንድ። ድምፁ ቀጥኗል።

ፓኔሎቹ ያበሩ ነበር። የሠላሳ ሁለቱም መስታወት ሰማዩን እንደ ኩሬ ይዞ ያበራል። ስምንት ስምንት ሆነው በአራት ረድፍ፣ ከብት እንዳይነካቸው በረጃጅም የብረት ምሰሶ ላይ ተጋድመዋል። የታችኞቹ ሁለት ረድፎች ላይ ክንዱን የዘረጋ ሰው ይደርስባቸዋል። የላይኞቹ ሁለት ረድፎች ግን ያለ መሰላል አይነኩም። መሰላል ደግሞ ሰፈሩ ውስጥ አልነበረም፤ ኢሱዙው ላይ ካለው በስተቀር።

ከታች አቧራው ላይ የኮንጎ ጫማ ዱካ አለ፤ ትንሽ እግር ነው፤ ይሄዳል ይመለሳል። «ሰው ነው፤ አብሽር» አለ ኸይረዲን። ነጂብ ትንፋሹን ለቀቀ። ኸይረዲን ግን መሰላሉን አቁሞ ወጣና የመስታወቱን ፊት በጎን አየው። ውሃ ሲደርቅ የሚተወው ጭረት አለ። በታችኞቹ ረድፎች ላይ ጭረቱ ክብ ክብ ነው፤ ሴት ገበታ ስታብስ እንደሚሆነው። በላይኞቹ ላይ ቀጥ ያለ ነው፤ ከላይ ወደ ታች፣ አንድ ስንዝር፣ ቀጥሎ አንድ ስንዝር።

ወርዶ ለነጂብ አልነገረውም።

ማብሪያ ማጥፊያውን ዘጋው። ፓምፑ ቆመ፤ ውሃው ቀጠነ፤ ከዚያ ተቋረጠ። መፍታት ጀመሩ። ኸይረዲን ይፈታል፣ ነጂብ ይቀበላል። ዙሁር ሲደርስ ስምንቱን አውርደዋል። ሶላት ሰግዶ ጥላ ውስጥ አረፍ እንዳለ ከጉድጓዱ አፍ የሚወጣው የብረት ቧንቧ ላይ ዓይኑ አረፈ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ተነሳና ከሳጥኑ ሥር ያንን ካቻቪቴ አወጣ። ጫፉን ቧንቧው ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ።

ፓምፑ ከቆመ ሁለት ሰዓት አልፎታል። ቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ ወርዶ አርፏል። ምንም መሰማት አልነበረበትም።

ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ድምፁ ቆመ። ኸይረዲን አሥር ያህል ቆጠረ።

ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ ይጮሃል፤ ይህን ያውቃል። የተለጠጠ ብረት ግን እንዳሻው ነው የሚጮኸው፤ ሦስት ሦስት እያለ አይቆጥርም። «ነጂብ፣ ና እስቲ ስማ» አለ። ነጂብ ጆሮውን አስጠጋ። ፊቱ ላይ ምንም አልታየም። ካቻቪቴውን በቀስታ መለሰለት፣ ኢሱዙው ውስጥ ገባ፣ መስኮቱን ዘጋ። በዚያ ሙቀት መስኮት ዘግቶ ተቀመጠ።

«አዑዙ ቢላህ» አለ ኸይረዲን፤ ሳጥኑንም ዘጋ። ለዚያ ቀን በቃቸው። ወደ ሰንበቴ ተመለሱ።

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ደረሱ። ዱካው የማን እንደሆነ ኸይረዲን ማወቅ ፈልጓል። አልተሳሳተም፤ ከታችኛው ረድፍ ሥር አንዲት ቀጭን አሮጊት፣ ትንሽ ጀሪካን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ በእርጥብ ጨርቅ መስታወቱን ያብሳሉ። ኢሱዙው ሲቆም ዞር አሉ። አልደነገጡም።

«አከም ቡልተን?» አሉ።

«ነጋ፣ አልሐምዱሊላህ። እርስዎስ እንዴት አደሩ እናቴ? ማን ልበል?»

«ፋጡሜ እባላለሁ። የሙሳ ሚስት ነኝ።»

ኸይረዲን ከሳቸው ትይዩ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ነጂብ ከኢሱዙው አልወረደም። ፋጡሜ ጨርቃቸውን ጨምቀው ጭናቸው ላይ አኖሩና ወሬያቸውን ጀመሩ፤ ሲጠየቁ የኖሩ ሰው ይመስላሉ እንጂ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። ከአዲሱ ሰፈር እዚህ ድረስ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። በየሁለት ቀኑ ገና በሌሊት ተነስተው ይወርዳሉ፤ ሳይሞቅ ይመለሳሉ። ልጆቻቸው ከብት ፍለጋ የሚሄዱ ይመስላቸዋል። ቧንቧውን ከቦኖው ነቅለው ወደ ስንጥቁ ያዞሩትም እሳቸው ናቸው።

«ለምን እናቴ?»

«ረመዷን ነበር» አሉ ፋጡሜ። «እንዲያ የሞቀ ቀን አይቼ አላውቅም። ከአስር ሶላት በኋላ ለማፍጠሪያው ሾርባ ጥጄ ነበር። ውሃ በጆግ ቀድቼ ጥላ ውስጥ አኑሬለታለሁ። አንድ ሰዓት ብቻ ነበር የቀረው።» ወደ ስንጥቁ በአገጫቸው አመለከቱ። «ሳያፈጥር ነው የሄደው። ሰው እንደጠማው አፈር ሲገባ ዝም ይባላል? ቢሻኑ፣ ውሃው፣ ለሱ ነው። የተተከለውም በሱ እጅ ነው፤ የጠበቀውም እሱ ነው። እኔ ጠርጌ ብቻ ነው የምሄድ፤ የቀረውን ፀሐይዋ ትሠራለች።»

ኸይረዲን የመጣበትን ሊነግራቸው አፉን ሲከፍት እሳቸው ቀደሙት።

«ልትወስዱት እንደመጣችሁ አውቃለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ሲያወራው ከርሟል። ሴቶቹ ከወንዝ በጀርባቸው ነው የሚያመጡ። ውሰዱት፤ አልቀየምም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ፤ አንተ የሞተር ሰው ነህ አሉ። ቧንቧውን ሰምተኸዋል?»

ኸይረዲን ወደ ቧንቧው አላየም። «ሰምቻለሁ።»

«ስንት ነው?»

«ሦስት። ከዚያ ያርፋል።»

ፋጡሜ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሙሳ ጠዋት ውሃው ሲወጣ በድንጋይ ቧንቧውን ሦስት ጊዜ ይመታዋል። ውሃ መጣ፣ ጀሪካናችሁን አምጡ ማለቱ ነው። ሰፈሩ በሱ ነበር የሚነቃ።»

«እናቴ» አለ ኸይረዲን። «የላይኞቹን በምን ነው የሚደርሱባቸው? በመሰላል?»

«የቱን?»

«የላይኞቹን ሁለት ረድፎች። እነሱም ንጹሕ ናቸው።»

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩ። ፀሐይዋ ልክ ያን ጊዜ ከአፋር ሜዳ ላይ ብቅ አለችና የላይኞቹ መስታወቶች በአንድ ጊዜ በሩ። ፋጡሜ እጃቸውን ዓይናቸው ላይ ጋርደው ቆዩ።

«እኔ ከዚህ በላይ አልደርስም ልጄ» አሉ። «እነሱን ነክቼ አላውቅም።» ከዚያም ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ «ከላይ ወደ ታች ነው የተጠረገው?» ብለው ጠየቁ።

«ኤዬ» አለ በአፋን ኦሮሞ፤ አማርኛው የጠፋበት ይመስል። «ከላይ ወደ ታች።»

«እሱ እንዲያ ነበር የሚጠርግ። ያስተማሩት እንዲያ ነው። በክብ ሳብስ ሲያየኝ ይቆጣኝ ነበር።» ጨርቃቸውን አንስተው ጀምረውት ወደነበረው ፓኔል ተመለሱ። አሁንም በክብ ነበር የሚያብሱት። ሲያብሱ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ይሁን ወሬ፣ አልለየም።

ያን ቀን አሥራ ስድስት ፓኔል ወረደ። ነጂብም ወርዶ ሠራ። ስምንት ሲቀሩ ኸይረዲን መፍቻውን አኖረ። ፋጡሜን ጠርቶ፣ «ነገ ሐሙስ ነው፤ እኔ እጾማለሁ» አላቸው። «እነዚህን ስምንቱን በአንድ መስመር አያይዤ እተዋቸዋለሁ። ነገ ቀኑን ሙሉ ውሃው ይውረድ። ፀሐይ ስትገባ አብረን እናፈጥራለን። ከዚያ አነሳዋለሁ። ይበቃል?»

አሮጊቷ ጨርቃቸውን አጣጠፉ። «ይበቃል» አሉ። «አላህ ይስጥህ።»

ነጂብ በመንገድ ላይ ተቆጣ። «አንድ ቀን ሙሉ ለስንጥቅ ውሃ ልንግት? ቢሮው ቢሰማ ምን ትላለህ?»

«ፓምፑን ሞከርኩ እላለሁ። ነቅሎ ከመውሰድ በፊት መሞከር ደንብ ነው።»

«እና ወላሂ እኔ ከመኪናው አልወርድም።»

«አትውረድ።»

ሐሙስ ሲመጣ ግን ነጂብ ወረደ፤ ሁለት ጀሪካን የመጠጥ ውሃና አንድ ፌስታል ቴምር ይዞ። እሱም ጾሞ ነበር።

ስምንት ፓኔል አቅሙ ደካማ ነው። ውሃው የጣት ውፍረት ሆኖ ወረደ፤ ግን አላቋረጠም። ሦስቱ ከሮቶው ጥላ ሥር ተቀመጡ። ቀኑ ረጅም ነበር። ሙቀቱ ከመሬት እየተነሳ ቤቶቹን ያንቀጠቅጣቸዋል፤ አንዳንድ ጊዜ ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር ሰው የሚሻገር ይመስላል፤ ልብ ብለው ሲያዩ ምንም የለም። ፋጡሜ ስለ ሙሳ አወሩላቸው፤ የሚስቅበትን፣ የሚቆጣበትን፣ ሶላሩ የተተከለ ሰሞን ኩራቱን መቋቋም እንዳቃታቸው። ነጂብ እንኳን አንድ ጊዜ ሳቀ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ውሃው መቅጠን ጀመረ። አሥራ ሁለት ሊሆን ሲል ክር ሆነ። ፀሐይዋ ከተራሮቹ ጀርባ ስትገባ ክሩ ተበጠሰ፤ ከቧንቧው ጫፍ አንድ ጠብታ ተንጠልጥላ ቆየችና ወደቀች። ነጂብ ቆሞ አዛን አለ። እዚያ መንደር ውስጥ አሥራ አራት ወር ሙሉ አዛን ተብሎ አያውቅም። ድምፁ ከቤቶቹ ግድግዳ ተመለሰ፤ በኋላም ከስንጥቁ ውስጥ፣ ዘግየት ብሎ፣ ወፍሮ ተመለሰ። የአዛኑ የመጨረሻ ቃል ከነጂብ አፍ ካለቀ በኋላ ከታች ገና አላለቀም ነበር። ሦስቱም እስኪያልቅ ጠበቁ።

ፋጡሜ ቴምር አነሱ፤ ወደ ስንጥቁ አፍ ሄደው አንዱን ወረወሩ። «አፍጥር» አሉ። የእሳቸውን ከዚያ በኋላ ቀመሱ።

ስምንቱን በመጨረሻው ብርሃን ፈቱ። ከላይኛው ረድፍ ያለውን የመጨረሻውን ፓኔል ሲያወርድ ኸይረዲን እጁ ላይ እርጥበት ተሰማው። ጠዛ ነው ብሎ አሰበ። በዚያ ቆላ፣ በዚያ ወቅት፣ ፀሐይ እንደገባች ጠዛ አይወርድም። ቢሆንም ጠዛ ነው አለ። ቧንቧውን ሊያዳምጥ ካቻቪቴውን አላወጣም። በሕይወቱ አንድን ነገር ሳያዳምጥ ሲተው የመጀመሪያው ነበር።

አዲሱ ሰፈር ውስጥ ፓኔሎቹና ፓምፑ በአሥር ቀን ውስጥ ተተከሉ። ውሃው የመጣ ዕለት ሴቶቹ እልል አሉ፤ ጀሪካን በጀሪካን ላይ ተደራረበ። ፋጡሜ የፓኔሎቹ ጠባቂ ተደርገው ተቀጠሩ፤ ሩመይሳ ረጅም እጀታ ያለው ብሩሽ ይዛላቸው መጣች፤ ሁሉንም ረድፍ አሁን ራሳቸው ይደርሳሉ። ሩመይሳ ስለ ቁጥሩ ኸይረዲንን ጠየቀችው፤ «አሮጊቷ ይጠርጉት ነበር» አላት፤ ውሸት አልነበረም፤ እሷም ጻፈችው።

አሁን ሥራው በዝቷል። በዞኑ ውስጥ ሶላር የሚተክሉት ሰዎች ሦስት ነበሩ፤ ዛሬ አሥራ አምስት ሆነዋል፤ ግማሾቹ ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹንም ያሠለጠነው ኸይረዲን ነው። አዳዲሶቹ ከሀሮ ዲማ ወዲህ ባመጣው በአንድ ጠባዩ ያሙታል። ባለፈው ሰኞ ከአሲያ ጋር ወደ ባቲ ሄዶ ነበር። አሲያ በዚህ ዓመት የተመረቀች ፈጣን ቴክኒሻን ናት። ገበያተኛው ግመሉን እየነዳ በሚያልፍበት መንገድ ዳር፣ ከብዙ ጊዜ በፊት የተዘጋ ጤና ኬላ ጣሪያ ላይ ያለ ሶላር ሊያዩ ነው። በሩ ላይ ሲደርሱ ኸይረዲን ቆመ።

«አሰላሙ አለይኩም» አለ ወደ ባዶው ክፍል።

«ማንም የለምኮ አያ ኸይረዲን» አለች አሲያ፣ መሰላሉን ትከሻዋ ላይ እንደያዘች። «ከተዘጋ አራት ዓመቱ ነው ብለውናል።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ማንን ነው?»

«የሥራ ደንብ ነው» አላትና መልስ ለሚሰጥ ሰው የሚበቃ ያህል ጠበቀ። ከዚያ ጫማውን ረገጥ ረገጥ አድርጎ አቧራውን አራገፈና ገባ።